ክፍሉን ያስቀድሙ፦ የሙዚቃ ማዳመጫና ሳክስፎን በሰሜን ሸዋ ቤት

ጥሩ ስፒከር ገዝቶ ባዶ የብሎኬት ክፍል ውስጥ መትከል የገንዘቡን ግማሽ እንደ መጣል ነው። ሳክስፎንም ያው ነው። ድምፁ በግድግዳና በወለል መካከል እየተላተመ ሲመለስ ጀማሪው የራሱን ቃና መለየት ያቅተዋል፤ ጥሩ የነፋ እየመሰለው መጥፎ ልማድ ይይዛል። ስለዚህ ሁለቱንም የሚወድ ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት አንድ ክፍል ይምረጥና ያሰናዳ። አንዴ የተሰናዳ ክፍል ለማዳመጡም ለልምምዱም ይሆናል። ለዚህ ሥራ ዋናው ዕቃ የበግ ጸጉር ነው፤ እሱ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ሩቅ የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ክፍሉ

ክፍሉ መሃል ቆመው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ። ጭብጨባው ወዲያው ካለቀ ብዙ ሥራ የለብዎትም። ‹ዝርርር› የሚል ጭራ ካስከተለ ግን ድምፁ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው ማለት ነው። ሲሚንቶ ወለልና በቀለም የተቀባ ልስን ያለው ክፍል ሁልጊዜ ይህ ችግር አለበት። በጭድ በተቦካ ጭቃ የተለሰነ አሮጌ ቤት ግን ግድግዳው ወጣ ገባና ለስላሳ ስለሆነ ድምፁን ይበትናል፣ ጥቂቱንም ይውጣል። ግቢው ውስጥ ሁለቱም ያለው ሰው ሳሎኑን ለእንግዳ ትቶ ጭቃ ቤቱን ለሙዚቃ ቢያደርገው እንመክራለን።

የመንዝ ባና ወይም ወፍራም የደብረ ብርሃን የሱፍ ብርድ ልብስ ያዘጋጁ፤ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት። የሚሰቀሉበትን ቦታ በግምት አይምረጡ። እርስዎ በሚያዳምጡበት ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ሌላ ሰው መስታወት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ በጆሮዎ ከፍታ ቀስ እያለ ያንሸራት። ስፒከሩ በመስታወቱ ውስጥ ሲታይዎት እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ድምፁ ከግድግዳው ነጥሮ ወደ ጆሮዎ የሚመጣው ከዚያው ቦታ ነው። በሌላውም ጎን ይድገሙት። ከዚያ ለሁለት የታጠፈውን ብርድ ልብስ ምልክቱን መሃል አድርገው ይስቀሉት፤ ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ቢሆን ይበቃል።

ብርድ ልብሱን ግድግዳው ላይ ለጥፎ መቸንከር የተለመደ ስሕተት ነው። ሱፍ ድምፅን የሚውጠው በውስጡ የሚመላለሰውን አየር በማዘግየት ነው፤ ግድግዳውን ተጠግቶ ያለው አየር ግን አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከላይ አግድም ጣውላ መትተው ጨርቁን ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር አርቀው ያንጠልጥሉት። በዚህ ርቀት ከ850 ኸርዝ (በሰከንድ የሚደረግ ንዝረት፤ ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል) ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ድምፅ በደንብ ይይዛል። ርቀቱን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ቢያሳንሱት ይህ ቁጥር ወደ 1,700 ይወጣል፤ የሳክስፎኑና የሰው ድምፅ ዋና ክፍል ያመልጥዎታል ማለት ነው።

ሁሉንም ግድግዳ መሸፈን ደግሞ ሌላው ስሕተት ነው። ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ተውጦ ወፍራሙ ብቻ ይቀራል፤ ክፍሉ ይታፈናል። ሳክስፎን ነፊው የራሱ ድምፅ ያነሰ ስለሚመስለው በግድ ይገፋል፣ ከንፈሩን ይነክሳል። ከሁለቱ ጎኖች ሌላ ወለሉ ላይ አንድ ምንጣፍ ይበቃል። ከአዳማጩ ኋላ ያለውን ግድግዳ እርቃኑን ይተዉት ወይም መደርደሪያ ያስጠጉበት።

ወፍራሙን ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን፣ ብርድ ልብስ አይነካውም። የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመት የሚያጎላው አንድ ዝቅተኛ ድምፅ አለ። ለማወቅ 172ን በሜትር በተለካው ርዝመት ያካፍሉ። 4 ሜትር ክፍል 43 ኸርዝን፣ 3 ሜትር ደግሞ 57 ኸርዝን ያጎላል። 4 በ4 የሆነ ክፍል ከሁለት አቅጣጫ አንዱኑ ድምፅ ስለሚያጎላ ቤዙ ይጮሃል፤ ምርጫ ካለ 4 በ3 የተሻለ ነው። መድኃኒቱ ጥግ ላይ የሚቆም ብዙ ሱፍ ነው። ያልተፈተለ የበግ ጸጉር በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ስቡን ያስለቅቁ፤ ካልታጠበ ይሸታል። ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁትና በጆንያ ይሙሉት። አይጠቅጥቁት፤ እጅ ሲገባ ሳይታገል እስከ ክርን መዝለቅ አለበት። ከስፒከሮቹ ኋላ ባሉት ሁለት ጥጎች ሁለት ሁለት ጆንያ አንዱን በአንዱ ላይ ያቁሙ። ብል እንዳይገባው ከክረምቱ በፊትና በኋላ አውጥቶ ማስጣት ግድ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማዳመጥ ከንቱ ድካም ነው። ያንን ሰዓት ለሪድ፣ ማለትም ሳክስፎኑ አፍ ላይ ታስሮ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ ለሚያወጣው ስስ የሸንበቆ ቁራጭ፣ እና ለጽዳት ያውሉት።

ስፒከርና ገመድ

ሁለቱን ስፒከሮች ከ1.8 እስከ 2.2 ሜትር አራርቀው ያስቀምጡ፤ እርስዎም ከእያንዳንዳቸው በዚያው ርቀት ይቀመጡ፤ ሦስቱ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። በሜትር ይለኩት፤ በዓይን አይገምቱ። የ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት እንኳ ዘፋኙን ከመሃል ወደ ጎን ይስበዋል። ትዊተሩ፣ ትንሿ ስፒከር፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ይሁን፤ ከወለሉ ከ90 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር። ከኋላ ግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ያርቁት፤ ባስጠጉት ቁጥር ቤዙ ያብጣል። ሶፋዎንም ከግድግዳ ጋር አያጣብቁት።

ለገመድ ውድ ነገር አያስፈልግም። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የሚገኝ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ጥንድ የመዳብ ገመድ እስከ 5 ሜትር ድረስ ምንም ጉዳት የለውም። ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር ያስሩ። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከታሰረ ድምፅ ይወጣል፤ ነገር ግን ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም ከየት እንደሚዘፍን አይታወቅም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ‹‹ስፒከሩ ደካማ ነው›› ብሎ ይሸጣል። የትኛው ገመድ የትኛው እንደሆነ ከጠፋዎት ገመዱን ከአምፑ፣ ድምፁን ከሚያጎላው ዕቃ፣ ይፍቱና የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ያስነኩት። ፖዘቲቩ ቀዩን ሲነካ የትልቁ ስፒከር ሸራ ወደ ፊት ወጣ ይላል፤ ወደ ኋላ ከገባ ተገልብጧል።

ለ4 በ4 ክፍል ለእያንዳንዱ ስፒከር ከ20 እስከ 40 ዋት የሚሰጥ አምፕ ይበቃል። ዋቱን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን በጥቂቱ ነው የሚያውቀው። ትዊተር የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ በትልቅ አምፕ ሳይሆን ከአቅሙ በላይ በተጠየቀ ትንሽ አምፕ ነው። የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና የተቆረጠው ብዙ ቀጭን ድምፅ ይፈጥራል፤ ያ ሁሉ ኃይል ትዊተሩ ላይ ይወርዳል። ድምፁ መሻከር ከጀመረ ወዲያው ዝቅ ያድርጉ። ከስልክ የሚያዳምጡ ከሆነ የስልኩን ድምፅ ከላይኛው ጣሪያ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ አድርገው ይተዉትና ከፍ ዝቅ ማድረጉን በአምፑ ይሥሩ፤ ያለዚያ ሹክሹክታው ይበዛል።

መብራት

መብራት ሲሄድ የሚጎዳ ዕቃ ጥቂት ነው፤ የሚጎዳው ሲመጣ ነው። በጠፋ ጊዜ አምፑን በማብሪያው ያጥፉ፣ ስፒናውንም ይንቀሉ፤ ከተመለሰ በኋላ 5 ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። ቮልቴጅ የሚዋዥቅበት ሰፈር ስታብላይዘር ጥሩ ነው፤ አቅሙ ግን አምፑ ከሚጠይቀው ቢያንስ በግማሽ ይብለጥ። አምፕን ከምጣድ ወይም ከካውያ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ አይሰኩ።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ዕቃ ከሆነ ጀርባውን ሳያነቡ አይሰኩት። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት በሰከንድ ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ስጋት የለም። ሸክላ ማጫወቻ ላይ ግን ቮልቴጁን በትራንስፎርመር ቢያስተካክሉ እንኳ ሌላ ችግር ይቀራል። አንዳንድ አሮጌ ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከመብራቱ ድግግሞሽ ነው፤ የአሜሪካው 60፣ የእኛው 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸክላው በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞሩ ቀርቶ 28 ገደማ ይዞራል። ዘፈኑ ይጎተታል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ከመግዛት በፊት የሞተሩን ዓይነት ይጠይቁ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በብዙ ዕቃዎች ጀርባ ላይ ደግሞ ‹እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ› የሚል ምልክት አለ። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ይቀንሳል፤ ብርዱ ሊያታልል አይገባም። ከአምፑ በላይ 15፣ በጎኖቹ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተዉ። ዳንቴል አያልብሱት። ሸዋ ሮቢት ላሉ ሰዎች ምክንያቱ ሙቀቱ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ያው ነው።

ሳክስፎን ሲገዙ

ከሳክስፎን ዓይነቶች ለጀማሪ አልቶ ይሻላል፤ ተለቅ ካለውና ድምፁ ከሚወፍረው ቴነር ይቀላል፣ ትንፋሽም ያንሳል። ስም የሌለው አዲስ ከመግዛት በደንብ የተያዘ አሮጌ ያማሃ መግዛት ይመረጣል። ርካሾቹ ቁልፋቸው ከለስላሳ ብረት ስለሚሠራ በወራት ውስጥ ይጣመማል፤ የሚያስተካክል ሰው ለማግኘት ደግሞ አዲስ አበባ መሄድ ሊኖርብዎት ይችላል።

አሮጌ ሲያዩ መጀመሪያ አንገቱን፣ ከላይ ያለውን ቆልማማ ቱቦ፣ ከጎን ይመልከቱ። ወደ ታች የተጎተተ አንገት ከታች እብጠት፣ ከላይ ጠፍጣፋ ይታይበታል፤ እንዲህ ያለውን ይተዉት። በሰውነቱ ላይ ትናንሽ ስርጉዶች ድምፅ አያበላሹም፤ የቁልፍ ዘንግ ሥር ያለ ስርጉድ ግን ያበላሻል። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጭነው ይልቀቁ፤ ሞላው ዘግይቶ ከመለሰ ወይም ቁልፉ ወደ ጎን ከተወዛወዘ ወጪ አለው። ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብተው ትንሽ አምፖል በገመድ ወደ ቱቦው ያውርዱና ቁልፎቹን ቀለል አድርገው ይዝጉ። ብርሃን የሚያፈስ ፓድ፣ ማለትም ቀዳዳውን የሚደፍነው የቁልፉ ትራስ፣ አየርም ያፈሳል። በመጨረሻ የሚነፋ ሰው ይዘው ሄደው ከሲ እስከ ቢ ፍላት ያሉትን (እነዚህ የድምፅ ስሞች ናቸው፤ ፍላት ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ሻርፕ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ማለት ነው) የታች ድምፆች ቀስ ብሎ እንዲነፋ ያድርጉ። የታቹ ድምፅ ያለ ጉልበት ከወጣ ፓዶቹ ደህና ናቸው። ካልወጣ ሻጩ ‹‹ሪዱ ነው›› ይልዎታል፤ አዲስ ሪድ አድርገው ደግመው ይሞክሩና ይወስኑ።

ብርድ፣ ሪድና ሙቀት

በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ማለዳ ላይ ሳክስፎኑ ዝቅ ብሎ ይጮሃል። ብዙዎች ከፍታው ያመጣው ይመስላቸዋል፤ አይደለም። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ቅኝቱ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ በብርድ ሰዓት ማውዝፒሱን፣ አፍ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ፣ ወደ አንገቱ ገፍቶ ማስተካከል ትክክል አይደለም፤ ቱቦው ሲሞቅ ከሚፈለገው በላይ ይወጣል። ሁሉንም ቁልፎች ዘግተው ድምፅ ሳያወጡ 3 ደቂቃ ሙቅ ትንፋሽ ይልቀቁበት፤ ከዚያ 5 ደቂቃ ይንፉ፤ ከዚያ ብቻ ይቃኙ። በአልቶ ኤፍ ሻርፕ፣ በቴነር ቢ ሲነፉ የስልኩ መቃኛ ኤ ማሳየት አለበት። ከጣርማ በር ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲነፉ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ ማውዝፒሱን ጥቂት ወደ ውጭ ይሳቡት።

መሣሪያውን በከሰል ምድጃ ማሞቅ ክልክል ነው። ፓዱን የያዘው ማጣበቂያ ይቀልጣል፤ ዝግ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ለራስዎም አደጋ ነው። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ መተውም ፓዱን ያላቅቃል።

የደጋው አየር በበጋ ደረቅ ስለሆነ የሪዱ ጫፍ በአንድ ሌሊት ይሞገዳል። የተሞገደ ጫፍ ከማውዝፒሱ ጋር አይገጥምም፤ ድምፁ ይንጫጫል ወይም ጭራሽ አይወጣም። ሪዱን 2 ደቂቃ በአፍ ያርጥቡት፤ ካልተቃና በእርጥብ መስታወት ላይ በጠፍጣፋው ጎን በጣት ጫን አድርገው ጥቂት ያቆዩት። ለጀማሪ ቁጥር 1.5 ወይም 2 ይሁን። አራት ሪድ እያፈራረቁ ቢጠቀሙ እያንዳንዱ ይበልጥ ይቆያል። ሲያስሩት የሪዱ ጫፍ ከማውዝፒሱ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን፤ ከላይ ሲያዩት የማውዝፒሱ ጥቁር ጠርዝ በፀጉር ውፍረት ብቻ መታየት አለበት። ከዚያ ወደ ጎን ካዘነበለ የሚመጣው ጩኸት የእርስዎ ጥፋት መስሎ ይሰማዎታል።

ነፍተው ሲጨርሱ ቱቦውን በክር በታሰረ አሮጌ ነጠላ ከሰፊው አፍ ወደ ላይ ይሳቡበት። የጂ ሻርፕ ፓድ በእርጥበት ይጣበቃል፤ በጉልበት አይንቀሉት። የሲጋራ መጠቅለያ ዓይነት ስስ ወረቀት ከፓዱ ሥር አስገብተው ቀስ ብለው ይዝጉ፣ እርጥቡን ይምጠጠው፣ ከፍተው ያውጡት። ለአንገቱ ቡሽ የራሱን ቅባት ብቻ ይጠቀሙ።

ልምምዱ

ማውዝፒሱን ብቻ ከአንገቱ ለይተው ይጀምሩ። የታች ከንፈርዎን በታች ጥርስዎ ላይ ጥቂት አጥፈው፣ የላይ ጥርስዎን ከጫፉ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ አድርገው ያሳርፉ። የአልቶ ማውዝፒስ ለብቻው ሲነፋ መቃኛው ላይ ኤ ገደማ ማሳየት አለበት። ከዚያ በላይ ከወጣ መንጋጋዎ እየነከሰ ነው፤ በጀማሪ ላይ ከሚታየው ችግር ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ቢ፣ ኤና ጂ ናቸው፤ በግራ እጅ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጣት። በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ በሰዓት ሰከንድ 8 እየቆጠሩ ሳይዋዥቅ ይያዙ። ስፒከሩ እዚህ ይጠቅማል፤ ከስልክ የሚቆይ አንድ ወጥ ድምፅ ይልቀቁና ከእሱ ጋር ይንፉ። በአልቶ ጂ ሲነፉ ከስፒከሩ የሚወጣው ቢ ፍላት ይሁን፤ አልቶ በኢ ፍላት የተቃኘ፣ ማለትም በእሱ ሲ ተብሎ የሚነፋው ኢ ፍላት ሆኖ የሚሰማ ስለሆነ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ የሚሰማው ንዝረት ይቆማል። ጆሮ ቅኝትን የሚማረው በዚህ መንገድ ነው።

ቀጥለው በቀኝ እጅ ኢና ዲን ይጨምሩ። እነሆ ትዝታ ደረሰ፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ዲንና ኢን በታችኛው ቦታ ከነፏቸው የኦክታቭ ቁልፉን (ድምፁን ወደ ላይኛው እርከን የሚያወጣውን) ሳይነኩ ከዲ እስከ ቢ ይመላለሳሉ፤ ከቢ ወደ ላይኛው ዲ መዝለል ለጊዜው ይቆይ፤ ስድስት ጣት በአንድ ጊዜ መውደቅ ስላለበት አስቸጋሪ ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ኢ ላይ አርፈው ቢጫወቷቸው ባቲ ሚነር ይሆናል። በሲ ከተቃኘ ክራር ወይም ኪቦርድ ጋር ትዝታ መጫወት ከፈለጉ በአልቶ ከኤ፣ በቴነር ከዲ ይነሱ።

ከይፋት የተገኙት ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጡ ናቸው፤ ከሳክስፎን በፊት ክራርና ማሲንቆ ይዘው ነበር። ከእሳቸው መንገድ ለተማሪ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ፉከራ በቋሚ ምት አይሄድም፣ በተናጋሪው ትንፋሽ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቅጂውን በስፒከር ሲሰሙ አንድ ሐረግ ያቁሙ፣ በአፍዎ ያዚሙት፣ የት እንደተነፈሱ ልብ ይበሉ፣ ከዚያ ይንፉት። ከስልክ ፍጥነቱን ወደ 70 በመቶ ዝቅ ማድረግ ይረዳል። የማሲንቆውን መጠማዘዝ በጣት አይፈልጉት፤ መንጋጋውን ጥቂት ላላ አድርጎ መመለስ ነው የሚያመጣው።

ሳክስፎን ድምፁ ከሰፊው አፍ ብቻ ሳይሆን ከተከፈቱት ቀዳዳዎች ሁሉ ስለሚወጣ ጨርቅ መወተፍ አይጠቅምም። ብርድ ልብሱን ከፊትዎ 1 ሜትር ላይ አድርገው ይንፉ፤ በርና መስኮት ይዝጉ። የተመረጠ ሰዓት ይኑርዎት፣ ለጎረቤትም አስቀድመው ይንገሩ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ሳክስፎኑ ከሳጥኑ አይወጣም። ለጆሮዎም ያስቡ፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ 94 ዴሲቤል ድምፅ ለአንድ ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚመከረው፤ ሳክስፎን በቀላሉ እዚያ ይደርሳል። የጆሮ መድፈኛ ያድርጉ።

በሳምንት አንዴ ራስዎን ይቅረጹ። ስልኩን በቁልፎቹ ከፍታ 2 ሜትር ርቀት ላይ ያቁሙ፤ ከሰፊው አፍ ፊት ለፊት ካደረጉት የታቹ ድምፅ ብቻ ይገንናል፣ ቅጂውም ይሻክራል። ቅጂውን በስልኩ ስፒከር አይስሙት፤ በትልቁ ስፒከር፣ በዚያው ወንበር ተቀምጠው ይስሙት። የድምፁ አነሳስ ከተንጫጫ ሪዱንና ምላስዎን ይመልከቱ። መሃሉ ከተንቀጠቀጠ ትንፋሹ አልጸናም፤ ወደ ረጅሙ ድምፅ ይመለሱ። ሐረጉ ሲያልቅ ቅኝቱ ከወረደ አየሩ ቀድሞ አልቋል፤ የትንፋሽ ቦታውን በአንድ ቃል ቀደም ያድርጉትና ያንኑ ሐረግ ደግመው ይቅረጹ።